ፈጣን መድኃኒት ፍለጋ፦ የ«ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ታሪክ

ስታንሊ ኩብሪክ የሠራውን «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» በስም የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አንዱ የሚያስታውሰው ነጭ ለብሶ፣ ጥቁር ክብ ባርኔጣ ደፍቶ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት አድርጎ የሚያፈጠውን ወጣት ነው። ሌላው የሚያስታውሰው ወንበር ላይ ታስሮ፣ የዓይኑ ቆብ በብረት ተፈልቅቆ ፊልም እንዲያይ የተገደደውን እስረኛ ነው። ፊልሙን ጨርሶ ያላየው እንኳ «እንግሊዝ አገር የታገደው ፊልም» ሲባል ሰምቷል። ይህ ዝና ትክክል አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት ፊልሙን አላገደም፤ ለሩብ ምዕተ ዓመት ከአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች የጠፋው በገዛ ዳይሬክተሩ ፈቃድ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዓመቱ ባልተነገረ መጪ ዘመን አሌክስ የተባለ ጎረምሳ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሌሊት ሌሊት ይዘርፋል፣ ይደበድባል፣ ሴት ይደፍራል፤ ቤቱ ሲገባ ቤትሆቨንን ያደምጣል። አንዲት ሴት ይገድላል፣ ጓደኞቹ ይከዱታል፣ የ14 ዓመት እስራትም ይፈረድበታል። ሁለት ዓመት እንደታሰረ መንግሥት ሉዶቪኮ የተባለ አዲስ ሕክምና ይሞክርበታል፤ የሚያቅለሸልሽ መድኃኒት እየተወጋ የግፍ ፊልም እንዲመለከት ይደረጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እጁን ሊሰነዝር ባሰበ ቁጥር የሚያጥወለውለው፣ ራሱን እንኳ መከላከል የማይችል ሰው ይሆናል። ከወኅኒ ሲወጣ የበደላቸው ሰዎች ተራ በተራ ይበቀሉታል። ራሱን ከመስኮት ወርውሮ ሳይሞት ሲቀር መንግሥት በሕዝብ ፊት ይዋረድና ሕክምናውን አፍርሶ ወደ ቀድሞው ክፋቱ ይመልሰዋል። ብዙ ሰው ይህን ስለ ግፍ የተሠራ ፊልም አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ዋናው ነገር ግፉ ሳይሆን ለግፉ የታዘዘው መድኃኒት ነው እላለሁ። ወንጀል ያስጨነቀው ኅብረተሰብ አንድ ነገር ቆርጦ ወይም ዘግቶ ቶሎ መገላገል ይመኛል። ፊልሙ ይህን ምኞት ያሳያል፤ ከዚያም አልፎ በተወለደ በጥቂት ዓመት ውስጥ ራሱ «ቶሎ ይዘጋ» ከተባሉት ነገሮች አንዱ ሆነ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1944 እስከ 1961፦ የደራሲው ቁስል

ከፊልሙ በፊት መጽሐፍ ነበር፤ ከመጽሐፉ በፊት ደግሞ በአንዲት ሴት ላይ የደረሰ በደል። ደራሲው አንቶኒ በርጀስ በ1917 ማንቸስተር ውስጥ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሱ ጂብራልታር ላይ ወታደር ሆኖ ሲያገለግል ሚስቱ ሊን ለንደን ቀርታ ነበር። በ1944 አንድ ሌሊት፣ የጀርመን አውሮፕላኖችን በመፍራት ከተማው መብራት አጥፍቶ በጨለማ በተዋጠበት ጊዜ፣ ከጦራቸው የከዱ አሜሪካውያን ወታደሮች ደበደቧት። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እንደ በርጀስ ምስክርነት ፅንሱ የጨነገፈው በዚያ ድብደባ ነው። ከዓመታት በኋላ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ አሌክስና ጓደኞቹ የአንድ ደራሲን ቤት ሰብረው ይገባሉ፣ ሚስቱን በፊቱ ይደፍራሉ። ደራሲው በዚያ ሰዓት የሚጽፈው መጽሐፍ ርእስ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ነው። በርጀስ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን ያስቀመጠው ከተበዳዮቹ ወገን ነበር ማለት ነው። ስለ ወንጀለኛ መብት የሚሟገት ሰው በደል ያልቀመሰ ነው ለሚል ሁሉ መልሱ እዚህ አለ። ይህ መጽሐፍ ለአጥቂው ነጻ ፈቃድ የሚቆመው ቁስሉን በሚያውቅ ሰው ብዕር ነው።

በርጀስ ከ1954 ጀምሮ በማላያ፣ በኋላም በብሩናይ አስተማሪ ነበር። በ1959 ክፍል ውስጥ ወድቆ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው ሐኪሞች በጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ጠርጥረው የአንድ ዓመት ዕድሜ ሰጥተውት ነበር፤ እሱም ሚስቱ ባዶ እጇን እንዳትቀር በላይ በላዩ ይጽፍ ጀመር። የተመለሰባት እንግሊዝ ትቷት የሄደችው አልነበረችም። ቡና ቤቶቹ በሙዚቃ ማጫወቻ ተሞልተዋል፣ ጎረምሶቹ የራሳቸው ልብስ፣ የራሳቸው ሙዚቃ፣ የራሳቸው ገንዘብ አላቸው። ጋዜጦቹ ረጃጅም ኮት ስለሚለብሱት «ቴዲ ቦይስ» ጠብ ይጽፋሉ። በ1961 ከሚስቱ ጋር ሌኒንግራድን ሲጎበኝ እዚያም የምዕራቡን ፋሽን የሚከተሉ ጉልቤ ጎረምሶች አየ። መጽሐፉን ልዩ ያደረገው ቋንቋ የመጣው ከዚህ ነው፤ አሌክስ የሚተርክበት የወጣቶች ዘዬ አብዛኛው ቃሉ ከሩሲያኛ የተወሰደ ነው። ጉልቤነት የካፒታሊዝም ወይም የኮሚኒዝም ብቻ በሽታ አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ሕክምናውም ቢሆን ከባዶ የተፈለሰፈ አልነበረም። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያደረገው የማላመድ ሙከራ፣ አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነርም ባህርይን በሽልማት መቅረጽ ይቻላል ያለው ትምህርት በዘመኑ ገናና ነበሩ። በብሪታንያ ሆስፒታሎች ጠጪዎችንና ግብረ ሰዶም ፈጻሚ የተባሉ ወንዶችን በሚያስታውክ መድኃኒት «ለማስተካከል» ሙከራ ይደረግ ነበር። በ1952 የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ በዚሁ በግብረ ሰዶም ክስ ተፈርዶበት ከወኅኒና ከሆርሞን መርፌ አንዱን ምረጥ ተባለና መርፌውን መረጠ፤ በሁለት ዓመቱ አረፈ። አንድ መንግሥት ሰውን ከእስርና ከሰውነቱ ለውጥ መካከል አስመርጦ ፊርማውን «ፈቃድ» ብሎ መዝግቦ ነበር። አሌክስ በወኅኒ ውስጥ የሚፈርመው ወረቀት ከዚህ የራቀ አይደለም።

1962፦ የተቆረጠው ምዕራፍ

መጽሐፉ በ1962 ለንደን ውስጥ ሃይነማን በተባለው አሳታሚ ታተመ። ሦስት ክፍሎች፣ በእያንዳንዱ ሰባት ምዕራፎች፣ በጠቅላላው 21 ናቸው፤ በዘመኑ እንግሊዝ ሰው ለአካለ መጠን ደረሰ የሚባለው በ21 ዓመቱ ስለነበር በርጀስ ቁጥሩን ሆን ብሎ መረጠ። በመጨረሻው ምዕራፍ 18 ዓመት የሞላው አሌክስ ድብደባው ይሰለቸዋል። ማንም መርፌ ሳይወጋው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሚስትና ልጅ ይመኛል፤ የወለደው ልጅም እሱ ያጠፋውን እንደሚያጠፋ፣ ሊያስቆመውም እንደማይችል ያስባል። የኒውዮርኩ አሳታሚ ኖርተን መጽሐፉን ሲያወጣ ይህ ምዕራፍ ቀረ። በርጀስ በኋላ ምዕራፉ የተቆረጠው ገንዘብ ስለቸገረኝ ተገድጄ ነው ሲል፣ አሳታሚው በበኩሉ ደራሲው በፈቃዱ ተስማምቷል ብሏል። ማንኛቸውም እውነት ቢናገሩ ውጤቱ አንድ ነው፤ አሜሪካዊው አንባቢ ያገኘው አሌክስ ወደ ክፋቱ በደስታ ሲመለስ የሚያልቅ መጽሐፍ ነበር።

ይህ መቆረጥ የሙግቱን መሠረት ለውጦታል። በሙሉው መጽሐፍ ለአሌክስ ሦስት መንገድ አለ፤ በክፋት መቀጠል፣ በመርፌ መታሰር፣ ወይም በዕድሜና በፈቃድ መብሰል። ሦስተኛው ሲወጣ የሚቀረው የመርፌና የክፋት ምርጫ ብቻ ነው። በርጀስ ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ሰው ነበር፤ ሰው ኃጢአትን የመምረጥ ነጻነት ከሌለው ጽድቁም የእሱ አይደለም የሚለውን አሳብ ከልጅነቱ ያውቀዋል። በመጽሐፉም በፊልሙም የወኅኒው ቄስ የሚሟገቱት በዚሁ ነው። ነገር ግን ቄሱ የሚሉት እውነት የሚሆነው ሰው ሊለወጥ ይችላል ብለን ስናምን ነው። ያ ተስፋ ከሌለ የነጻ ፈቃድ መከላከያው ወንጀለኛን በሰው ላይ ከመልቀቅ በምን ይለያል? ይህን ጥያቄ ፊልሙ ወረሰው፤ ኩብሪክ ያነበበው የአሜሪካውን እትም ነበርና። ሙሉውን መጽሐፍ ያገኘው የፊልሙን ጽሑፍ ሊጨርስ ሲቃረብ ነው፤ የመጨረሻውም ምዕራፍ ከቀረው ታሪክ ጋር የማይሄድና የማያሳምን ሆኖ ስላገኘው ተወው።

ከ1965 እስከ 1971፦ ወደ ስክሪን

መጽሐፉን መጀመሪያ ወደ ፊልም የወሰደው ኩብሪክ አልነበረም። በ1965 አንዲ ዋርሆል «ቫይኒል» በተባለ አነስተኛ ፊልም ከታሪኩ ጥቂት ወስዶ ነበር። ቀጥሎ ቴሪ ሳውዘርን የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር የፊልም ጽሑፍ አዘጋጀ፤ በ1967 የብሪታንያ የፊልም ሳንሱር ቦርድ ረቂቁን አይቶ ይህን የመሰለ የጎረምሶች ግፍ በስክሪን መታየት የለበትም አለ። በርጀስ መብቱን የሸጠው በጥቂት መቶ ዶላር ነበርና ከፊልሙ ገቢ ያገኘው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ይህ ቅሬታ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም።

ኩብሪክ በኒውዮርክ ተወልዶ እንግሊዝ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀው «2001» የተባለው ፊልሙ ከወጣ በኋላ ስለ ናፖሊዮን ትልቅ ፊልም ሊሠራ ለረጅም ጊዜ ተዘጋጀ፤ በገንዘብ ምክንያት ውጥኑ ፈረሰ። ያኔ ነው ከሳውዘርን እጅ ያገኘው መጽሐፍ ትዝ ያለው። ቀረጻው ከ1970 መጨረሻ እስከ 1971 መጀመሪያ ተካሄደ፤ ገንዘብ ለመቆጠብም አብዛኛው በእውነተኛ ቦታ ተሠራ። የአሌክስ ጓዶች የሚመላለሱበት ሰፈር በደቡብ ምሥራቅ ለንደን የተሠራው ቴምስሜድ ነው፤ የኮንክሪት ሕንጻዎቹ ገና አዲስ ነበሩ፣ የድሃ ሠራተኞችን የመኖሪያ ችግር እንዲፈቱ የታቀዱ። የሕክምና ማዕከሉ የብሩነል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ይህ ምርጫ ከወጪው ቁጠባ በላይ ትርጉም ሰጥቷል፤ የሚያስፈራው መጪ ዘመን በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ይገነባው ከነበረው ዘመን ጋር አንድ መልክ ያዘ። ሰውን በሥርዓት በተቀመጠ ኮንክሪት ማስተካከል ይቻላል የሚለው እምነትና በመርፌ ማስተካከል ይቻላል የሚለው እምነት የአንድ ወላጅ ልጆች መሆናቸውን ካሜራው ያለ ንግግር አሳየ።

አሌክስን የተጫወተው የ27 ዓመቱ ማልኮም ማክዳውል ነበር። ዓይኑ ተፈልቅቆ በሚቀረጽበት ትዕይንት የዓይኑ ብሌን ተጫረ። በደራሲው ቤት የሚፈጸመው ግፍ ሕይወት አልሰጥ ብሏቸው ሲቸገሩ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» የተባለውን የደስታ ዘፈን በድንገት ያንጎራጎረው እሱ ነው፤ ኩብሪክም ወዲያው የዘፈኑን መብት አስገዛ። ሙዚቃውን ዌንዲ ካርሎስ በሲንተሳይዘር ሠራችው፤ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በማሽን ድምፅ ሲዘመር ውበቱም ቅዝቃዜውም አንድ ላይ ይሰማል።

ፊልሙን በብርቱ የሚነቅፉ ሰዎች የሚያነሡት ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ መመለስ አለበት። ኩብሪክ ሚዛኑን ወደ አሌክስ አጋድሏል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በመጽሐፉ አሌክስ ሁለት የ10 ዓመት ሕፃናትን አስክሮ ይደፍራል፤ በፊልሙ ልጃገረዶቹ ከፍ ያሉና ፈቅደው የመጡ ናቸው፣ ትዕይንቱም በፈጣን ምስል እንደ ቀልድ ያልፋል። በመጽሐፉ አሌክስ ወኅኒ ውስጥ ሌላ እስረኛ ይገድላል፤ በፊልሙ ይህ የለም። ተበዳዮቹ ደግሞ አስጠሊታ ተደርገው ተሥለዋል፤ አንዷ እብሪተኛ፣ አንዱ አብዶ የሚጮህ፣ ወላጆቹ ደካሞች። በሴቶቹ ላይ የሚደርሰው ግፍ ከሥቃያቸው ይልቅ በውዝዋዜው እንዲታይ ተደርጓል። በዚህ የጎዳው የራሱን ሙግት ነው። መንግሥት በማንም ሰው አእምሮ ውስጥ ገብቶ ፈቃዱን መቁረጥ የለበትም የሚለው መርሕ የሚፈተነው በክፉው ሰው ላይ ነው። ወንጀለኛውን ተወዳጅ አድርጎ መርሑን መከላከል ፈተናውን አቅልሎ ማለፍ ነው። የበርጀስ አሌክስ ይበልጥ የሚያስጸይፍ ስለሆነ የበርጀስ ሙግት ይበልጥ ጠንካራ ነው።

ግን የፊልሙ ብርታት ከሌላ ጎን ነው። ኩብሪክ ከመጽሐፉ በተሻለ ያሳየው የሕክምናውን ፖለቲካ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለ አሌክስ ነፍስ ግድ የለውም። ወኅኒዎች ተጣበዋል፣ ቦታው ለፖለቲካ እስረኞች ሊፈለግ ነው፣ ምርጫ ቀርቧል። የአሌክስ የቀድሞ ጓደኞች ሥራ ፈላጊ ጉልቤ ስለሆኑ ፖሊስ ሆነው ተቀጥረዋል፤ በደንብ ልብሳቸውም ያንኑ ድብደባ ይቀጥላሉ። ተቃዋሚው ደራሲ እንኳ አሌክስን የሚፈልገው መንግሥትን የሚጥልበት መሣሪያ አድርጎ ነው። ወንጀሉ ከመንገድ ወደ ቢሮ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም።

1972፦ የክርክሩ ዓመት

ፊልሙ በታኅሣሥ 1971 በኒውዮርክ፣ በጥር 1972 በለንደን ታየ። የብሪታንያ ሳንሱር ቦርድ በአዲሱ ኃላፊው በስቲቨን መርፊ ዘመን አንድም ነገር ሳይቆርጥ ለአዋቂዎች ብቻ በሚለው ፈቃድ አሳለፈው። ረቂቁን የከለከለው ቦርድ የተጠናቀቀውን ሥራ ፈቀደ፤ በመካከሉ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ ፊልሙን ራሳቸው ለማየት ጠየቁ። በፊልም ውስጥ ያለ የአገር ውስጥ ሚኒስትርን እውነተኛው ሊመረምር መነሣቱ ዘመኑ ምን ያህል እንደተጨነቀ ይናገራል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሳም ፔኪንፓ ፊልም «ስትሮ ዶግስ» በተመሳሳይ ምክንያት አገር አናውጦ ነበር፣ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴዎችም በሲኒማ ላይ ዘመቻ ጀምረው ነበር።

በአሜሪካ የኒውዮርክ የፊልም ሐያስያን ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተር ብሎ ሸለመው። ለአራት ኦስካርም ታጨ፤ አራቱንም የወሰደው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» ነው። የካቶሊክ ጳጳሳቱ ጉባኤ ግን አወገዘው፣ ታዋቂዋ ሐያሲ ፖሊን ኬልም ክፉኛ ነቀፈችው። በኒውዮርክ ታይምስ ፍሬድ ሄቺንገር ፊልሙ ሰውን በተፈጥሮው ክፉ አድርጎ በማየቱ የፋሺዝም መንፈስ አለበት ብሎ ጻፈ፤ ኩብሪክም ከልማዱ ወጥቶ ለጋዜጣው ረጅም መልስ ላከ። ሰው በተፈጥሮው ቅን ነው፣ የሚያበላሸው ኅብረተሰብ ነው የሚለውን የፈላስፋውን የሩሶን አሳብ እንደማይቀበል፣ ፊልሙ ግን ሰውን በመድኃኒት የሚገዛ መንግሥትን እንደሚቃወም ገለጸ። በዚህ ክርክር ሚዛኑ ወደ ኩብሪክ ያደላል። የሰውን ክፋት ማመን በራሱ ፋሺዝም አይሆንም፤ ከክፋቱ ተነሥቶ ነጻነቱን ንጠቁት ሲባል ነው አደጋው። ፊልሙ የሚቃወመው ያንን የመጨረሻ ደረጃ ነው። ስኪነር «ነጻነት» እና «ክብር» የሚባሉትን አሳቦች አልፈን ባህርይን በሳይንስ እንቅረጽ ሲል የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በዚያው በ1971 መሆኑ ደግሞ ኩብሪክ ከነፋስ ጋር እንዳልታገለ ያሳያል።

1973 እና 1974፦ ሁለት ፍርድ ቤቶች

በእንግሊዝ ነገሩ ወደ ችሎት ወረደ። በብሌችሊ ከተማ የ16 ዓመት ልጅ አንድ ቤት የለሽ ሽማግሌ ደብድቦ ገደለ፤ ጠበቃው ወንጀሉን ከፊልሙ ጋር አያያዙት። ልጁ ግን ለፖሊስ የተናገረው ስለ ፊልሙ ከጓደኞቹ እንደሰማ ነው፤ በዕድሜውም ሲኒማ ቤት እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር። በላንካሻየር አንዲትን ወጣት ሆላንዳዊት የደፈሩ ጎረምሶች በፊልሙ ውስጥ የሚዜመውን ዘፈን እየዘፈኑ እንደነበር ተዘገበ። ጋዜጦች ጠብ በተነሣ ቁጥር የፊልሙን ስም ማንሣት ልማድ አደረጉት፤ አንዳንድ የከተማ ምክር ቤቶችም በሥልጣናቸው በየአካባቢያቸው ከለከሉት።

ፊልም ምንም ተጽዕኖ የለውም የሚለው መልስ አያዋጣም። የላንካሻየሩ ዘፈን ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ሥነ ጥበብ ለግፍ ልብስና ዜማ ሊያቀብል ይችላል። ነገር ግን ልብሱን ማቀበልና ፈቃዱን መፍጠር አንድ አይደሉም። በችሎቱ ላይ ፊልሙ የተጠራው በአብዛኛው በጠበቆች አፍ፣ ቅጣት ለማስቀለል ነው፤ «ልጁ አይደለም፣ ያየው ነገር ነው» ለማለት። ይህ ደግሞ ሰው ሲነኩት እንደሚንቀሳቀስ ማሽን ነው የሚለው የሉዶቪኮ ሐኪሞች እምነት ነው። ፊልሙን የከሰሱት ሰዎች ሳያውቁት ፊልሙ የሚቃወመውን ትምህርት ተቀበሉ።

በዚያው በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሌላ ችሎት ተቀምጦ ነበር፤ ይህኛው ከፊልሙ ጋር ሲነሣ ብዙም አይሰማም። በአዮዋ ግዛት የእስረኞች ሕክምና ተቋም ውስጥ ታራሚዎች አፖሞርፊን የተባለ መድኃኒት ይወጉ ነበር። ጥፋታቸው ከመኝታ አለመነሣት፣ መሳደብ፣ ያለ ፈቃድ ሲጋራ መስጠት፣ መዋሸት ነው። መርፌው ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያስታውካል። ተቋሙ ይህን «ሕክምና» ብሎታል። የስምንተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እስረኛው አውቆ በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ ፈቃዱንም በፈለገ ጊዜ መሻር ካልቻለ ድርጊቱ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ጭካኔ ነው ብሎ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት በሴናተር ሳም ኤርቪን የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ የመንግሥት ገንዘብ ለባህርይ ማረሚያ ሙከራዎች እንዴት እንደሚውል የሚመረምር ዘገባ አወጣ። «ይህ የፊልም ቅዠት ነው» ለሚል አዮዋ በቂ መልስ ናት።

ኩብሪክ በበኩሉ ዛቻ ደረሰው። ክሪስቲያን የተባለችው ባለቤቱ በኋላ እንደተናገረችው ቤተሰቡ ፈርቶ ነበር፣ ፖሊስም መክሮ ነበር። ፊልሙ ከአንድ ዓመት በላይ በለንደን ከታየ በኋላ ኩብሪክ የፊልሙን አከፋፋይ ዋርነር ብራዘርስን ጠይቆ ከብሪታንያ አስወጣው። መግለጫ አልተሰጠም። ብዙ ተመልካች መውጣቱን ያወቀው በ1979 የለንደኑ ናሽናል ፊልም ቲያትር የኩብሪክን ሥራዎች በሙሉ ሊያሳይ ሲል ይህን ማግኘት ስላልቻለ ነው። አባት ልጆቹን ለመጠበቅ ያደረገውን መውቀስ አይቻልም። ነገር ግን መንግሥት ያላደረገውን ፍርሃት አደረገው።

ከ1974 እስከ 1999፦ ሌላ መድኃኒት

ፊልሙ በእንግሊዝ በተሰወረበት ዘመን ወንጀልን በሕክምና የማዳን እምነት በአሜሪካ ፈራረሰ። በ1974 ሮበርት ማርቲንሰን የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር እስረኞችን ለማረም የተሞከሩ ፕሮግራሞችን መርምሮ የረባ ውጤት ያላቸው ጥቂት ናቸው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ግራም ቀኙም ተቀበለው፤ አንዱ እስረኛን ከሐኪም ለማዳን፣ ሌላው ቅጣትን ለማጠንከር። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። በ1972 ወደ 200 ሺህ ገደማ የነበረው የአሜሪካ ወኅኒዎች እስረኛ ቁጥር በ2000 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የኩብሪክ ሚኒስትር ወኅኒን ለማራገፍ መርፌ ፈለገ፤ እውነተኞቹ ፖለቲከኞች መርፌውን ጥለው ወኅኒ አስፋፉ። መርፌውም ጨርሶ አልጠፋም፤ በ1996 ካሊፎርኒያ ሕፃናትን ደጋግመው የሚደፍሩ ወንጀለኞች በአመክሮ ሲፈቱ የወሲብ ፍላጎትን የሚያዳክም መድኃኒት እንዲወጉ የሚያዝ ሕግ አወጣች።

በርጀስ ፊልሙ የሰጠውን ዝና እየጠላው ኖረ። በ1986 ኖርተን 21ኛውን ምዕራፍ መልሶ አተመ። በ1987 ደራሲው ታሪኩን ለመድረክ ከሙዚቃ ጋር ሲጽፈው ኩብሪክን የሚመስል ጢማም ሰው ያንኑ የፊልሙን ዘፈን በጥሩምባ እየነፋ እንዲገባና በእርግጫ እንዲባረር አድርጓል። በ1993 አረፈ። በዚያው ዓመት ስካላ የተባለው የለንደን ሲኒማ ቤት ፊልሙን ያለ ፈቃድ በማሳየቱ ተከሶ ተረታና ተዘጋ። ቻናል ፎር የተባለው ቴሌቪዥን ግን ቁርጥራጮቹን በዶክመንተሪ ለማሳየት ያደረገውን ክርክር በይግባኝ አሸነፈ። ኩብሪክ በመጋቢት 1999 ሞተ።

ከ2000 ወዲህ

በመጋቢት 2000 ፊልሙ ወደ ብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች ተመለሰ፣ ከ18 ዓመት በላይ በሚለው ፈቃድ፣ አንድም ሳይቆረጥ። በ2020 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በአገሪቱ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ አስገባው። ዛሬ ማንም ሰው መጽሐፉን ከነ21ኛው ምዕራፍ፣ ፊልሙንም ያለዚያ ምዕራፍ ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ስለ ወንጀል እውነቱን ይናገራል ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ማስረጃ አለ። በርጀስ መጽሐፉን በሚጽፍበት ጊዜ፣ በ1961፣ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በደቡብ ለንደን የሠራተኛ ሰፈር 411 ወንዶች ልጆችን ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምረው መከታተል ጀመሩ፤ ክትትሉ በዴቪድ ፋሪንግተን መሪነት እስከ ጉልምስናቸው ቀጠለ። ወንጀሉ የበረታው በ17 እና በ18 ዓመታቸው አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ሥራ እየያዙ፣ እያገቡ፣ ቀስ በቀስ ተዉት። ኩብሪክ አያሳምንም ያለው ምዕራፍ ከብዙዎቹ ሕይወት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ያው ጥናት 7 በመቶ የሚሆኑት ከተመዘገበው ጥፋት ግማሽ ያህሉን እንደፈጸሙ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ እኩዮቻቸው ቶሎ እንዳልተዉት አሳይቷል። በርጀስ ስለ ብዙኃኑ ትክክል ነበር፤ ይሁን እንጂ በ15 ዓመቱ ሰው የሚገድለው አሌክስ ከብዙኃኑ መሆኑን መጽሐፉ አላስረዳንም። የፊልሙ መጨረሻ ደግሞ የጥቂቶቹን እውነት ለሁሉም አድርጎታል። የትኛው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በ15 ዓመቱ ለይቶ የሚነግር መሣሪያ የለም። የሉዶቪኮም መርፌ፣ የካሊፎርኒያም ሕግ፣ የታጨቁትም ወኅኒዎች ይህን ልዩነት አስቀድመው የሚያውቁ መስለው ነው የሚሠሩት።